አባቴ ለወንድሜ ያጩኝ ዕለት

ነገሩ ከሆነ ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል። ወሩ ጥር፣ ቀኑ ቅዳሜ ነበር። ለሰው ሳወራው ሁሉም ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ቤቴ ገብቼ በሬን ስዘጋ ግን ሳቁ አብሮኝ አይገባም። እስከ ዛሬ ከሐሳቤ ያልወጣውም ለዚህ ይመስለኛል።

እኔ ንፋስ መውጫ ከተማ ልብስ ሰፊ ነኝ። የተማሪ ዩኒፎርም፣ የቄስ ቀሚስ፣ የተቀደደ ሱሪ፣ የመጣውን ሁሉ እሰፋለሁ። ዕድሜዬ አርባን አልፏል። አግብቼ ነበር፣ ፈታሁ፤ ልጅ አልወለድኩም። የምኖረው ከሱቄ ጀርባ ባለች አንድ ክፍል ቤት ነው። ቶሎ እቆጣለሁ፤ ደንበኞቼ በምላሴ ምክንያት «መቀሷ» የሚል ስም አውጥተውልኛል። እንዳልሰማ ሆኜ አልፋቸዋለሁ።

አባቴ የሚኖሩት ታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ ወዲህ፣ ከመኪና መንገድ ወርዶ በእግር ትንሽ በሚያስኬድ መንደር ነው። እናቴ ካረፈች ቆይታለች። አባቴን የሚጦሯቸው ታላቅ ወንድሜ ደሳለኝና ሚስቱ ጠጄ ናቸው። ደሳለኝ ጸጉሩ የሸበተ፣ የልጆች አባት ነው። ይህን ልብ በሉልኝ።

አባቴ በደኅናው ጊዜ በአገሩ የታወቁት ዘር በመቁጠር ነበር። እኛ ዘንድ ልጁን ሊድር ያሰበ ሰው፣ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት የልጁንና የልጅቷን የዘር ሐረግ እስከ ሰባት ቤት ያስቆጥራል። በሰባት ቤት ውስጥ ከተገናኙ ጋብቻው አይሆንም። ታዲያ ከስማዳም ከእስቴም ሳይቀር ሰው እየመጣ አባቴን ያስቆጥር ነበር። የልጁን አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት በቀኝ እጃቸው ጣቶች፣ የልጅቷን በግራ እጃቸው ጣቶች እያጠፉ ይቆጥራሉ፤ አምስቱ ሲያልቁ መልሰው እየዘረጉ ይቀጥላሉ። ሁለቱ እጆች አንድ ስም ላይ ከተገናኙ «ዘመዳሞች ናችሁ፣ ተዉት» ብለው ያሰናብታሉ። ስንቱን ጎረምሳ እንዳስለቀሱ እግዜር ይወቀው።

ከአገሩ ሰው ማን የማን እንደሆነ ያውቁ የነበሩት እኚህ ሰው ናቸው እንግዲህ የገዛ ልጃቸው የጠፋችባቸው።

ሲጀምራቸው ትንሽ ትንሽ ነበር። ዱላቸውን በእጃቸው ይዘው ዱላዬ ወዴት አለ ይላሉ። በልተው ሲያበቁ አልበላሁም ይላሉ። ኋላ ቤተ ክርስቲያን ሊሳለሙ ሄደው መንገዱ ጠፍቷቸው ሰው መልሶ አመጣቸው። ደብረ ታቦር ወስደን ያያቸው ሐኪም «የመርሳት በሽታ ነው፤ የሚያድን መድኃኒት የለውም፣ ታገሷቸው» አለን። የመንደሩ ሰው ደግሞ «ጃጅተዋል» ይላል። ይህን ቃል አልወደውም። «እርጅና ብቻህን ና» የሚሉት ለካ እውነታቸውን ነው።

ደሳለኝን የሞተ ታላቅ ወንድማቸው አድርገው ነው የሚያዩት። «አያ አበጀ» ብለው ሲጠሩት አቤት ይላል። ጠጄም በሌላ ስም በጠሯት ቁጥር አቤት ትላለች። እነሱ ውለው አድረው ለመዱት። እኔ ግን አቤት የምልበት ስም እንኳ አልነበረኝም። «አለምነሽ ነኝ፣ ልጅዎ» ስላቸው ደንግጠው ያዩኛል።

«አለምነሽማ ትምህርት ቤት ናት» ይሉኛል።

በሐሳባቸው ያለችው አለምነሽ ደብተሯን ታቅፋ ትምህርት ቤት የምትሄድ ልጅ ናት። ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር «ይች ልጅ ምነው ቆየች?» እያሉ ወደ መንገዱ ያያሉ። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ሳለሁ እኔን ይጠብቃሉ። ሙዝ ይዤላቸው ስሄድ አንዱን በልተው ሌላውን ጋቢያቸው ውስጥ ይሸሽጋሉ። ለማን ነው ስላቸው ለአለምነሽ ይላሉ። አንድ ቀን በግኜ «አለምነሽ እኮ እኔ ነኝ! አምጡት፣ እኔው ልብላው!» ብዬ ጮህኩ። ጋቢያቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙና «ኧረ በሕግ! የልጅ ቀለብ ነው!» አሉኝ። ጠጄ በሳቅ ፈረሰች። እኔ አልሳቅኩም። በዚያች ልጅ ቀናሁባት። በራስ መቅናትም አለ ለካ።

እንዲህ ከሆነ በኋላ መሄዱ እየከበደኝ መጣ። ስመጣ እሳቸው ይጨነቃሉ፣ ስመለስ እኔ አለቅሳለሁ። በዚያ የጥር ቅዳሜ ሚኒባስ ውስጥ እንደተቀመጥኩ ቁርጥ አደረግኩት፤ ይህ የመጨረሻዬ ይሁን። ከእንግዲህ የሚያስፈልጋቸውን ዕቃ በሰው እልካለሁ እንጂ አልመላለስም። ላላወቀኝ ሰው ሄድኩ ቀረሁ ምን ለውጥ አለው? ይህን ለደሳለኝ በምን አፌ እንደምነግረው እያሰብኩ አቧራውን እየጠጣሁ ወረድኩ።

ስደርስ መንደሩ ሠርግ ላይ ነበር። ከእኛ ቤት ብዙ የማይርቅ ጎረቤት ልጁን ሊድር ዳስ ጥሏል። እልልታውና ከበሮው እኛ ደጅ ድረስ ይሰማል። ደሳለኝና ጠጄ ለብሰው ተዘጋጅተው ደጅ ደጁን ያያሉ።

«እሰይ፣ ደረሽልን!» አለች ጠጄ ነጠላዋን እያጣፋች። «አባባን አንቺ ያዥልን። ፊታችንን አሳይተን እንመለሳለን።»

ደሳለኝም ተከትሏት ወጣ። ሲመለስ እነግረዋለሁ ብዬ ተውኩት።

አባቴ ከግድግዳው ጋር በተያያዘችው የጭቃ መደብ ላይ ሆነው ፀሐይ ይሞቃሉ። ጉልበታቸውን ስሜ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«እንዴት ዋልሽ፣ እንግዳዬ። ከወዴት ነሽ?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን «አባዬ፣ እኔ ነኝ እኮ» ብዬ እጀምር ነበር። ያን ቀን ግን በልቤ ተሰናብቻቸው ነበርና ለክርክር አቅም አጣሁ።

«ከንፋስ መውጫ ነኝ፣ አባቴ» አልኳቸው። በአገራችን ሽማግሌ ሁሉ አባቴ ስለሚባል አልከበዳቸውም።

«ንፋስ መውጫማ ብርድ ነው!» አሉ ፊታቸው ፈክቶ። «ደራቢ ልብስ ከሌለሽ አትችይውም። ምን ትሠሪያለሽ?»

«ልብስ እሰፋለሁ።»

«ሙያ ነው። ሙያ ያለው ሰው አይራብም።»

ጨዋታው ቀጠለ። ስለ መንገዱ ጠየቁኝ፣ ስለ ገበያው ጠየቁኝ፣ ዝናቡ እንዴት ነው አሉኝ። መለስኩላቸው። ለስንት ጊዜ ሰው አግኝተው እንዲህ እንዳልተጫወቱ ያን ጊዜ ገባኝ። እኛ ሁላችን የምናወራቸው ወይ ልናርማቸው ነው ወይ ልናበላቸው ነው።

«ባልሽስ?» አሉኝ።

ከባሌ ስፋታ አባቴ ገና ደኅና ነበሩ። ሊያስታርቁን ስንት ጊዜ ወጥተው ወርደዋል። እኔ ግን ለምን እንደፈታሁ፣ ከዚያም በኋላ እንዴት እንደምኖር አንድ ቀን ተቀምጬ ነግሬያቸው አላውቅም። ለአባት አይነገርም። ለማያውቁት ሽማግሌ ግን ለካ ይነገራል።

«ባል የለኝም፣ አባቴ። ይመታኝ ነበር፤ ተውኩት። አሁን ብቻዬን ነኝ።»

«ልጅስ?»

«አልሰጠኝም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ረሱት ብዬ ሳስብ፦

«ብቻነት ክፉ ነው» አሉ። «እኔም ብቻዬን ነኝ። ሰው አለኝ፤ የሌለኝ አይምሰልሽ። ግን ማን ማን እንደሆነ ይጠፋብኛል። ሁሉም ያውቀኛል፣ እኔ አላውቀውም። እንዲያ ሲሆን አፍራለሁ።»

እስከዚያ ቀን ድረስ እሳቸው የረሱትን አያውቁም፣ የምጎዳው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ነበር የማስበው። እጃቸውን ያዝኩ። አልከለከሉኝም።

ከሠርጉ ቤት እልልታ ደመቀ። አባቴ ጆሯቸውን አቀኑ።

«ሠርግ ነው?»

«አዎ፣ ሠርግ ነው።»

«ወሩ ጥር ነዋ?»

«ጥር ነው።»

ቀና ብለው ተቀመጡ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። የድሮው ሰውዬ፣ ሰው ሊያስቆጥር ሲመጣባቸው የነበሩት ሰውዬ ሆኑ።

«ስሚ እስቲ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ያልዳርሁት ልጅ አለኝ፣ ደሳለኝ ይባላል። ሸጋ ነው። እርፍ ከጨበጠ በሬው ይደክማል እንጂ እሱ አይደክምም። መጠጥ አያበዛም።» ይህች የመጨረሻዋ ሐሰት ናት። «አንችም አነጋገርሽ የጨዋ ልጅ ነው። ብቻሽን ምን ያኖርሻል? ለልጄ ብጠይቅሽ ምን ትያለሽ?»

ከተፋታሁ ጀምሮ ለትዳር የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። የመጀመሪያው የገዛ አባቴ ሆኑ፤ ያውም ለገዛ ወንድሜ! ልስቅ አፌን ስከፍት እንባዬ ቀደመኝና አፌን መልሼ ዘጋሁ።

«እርስዎ ካሉ፣ አባቴ» አልኩ። ጨዋ ሴት እንዲህ ነው የምትመልሰው።

«ኧረ አይቸኮልም!» አሉ እጃቸውን እያወናጨፉ። «መጀመሪያ ይቆጠር። እኔ ሳይቆጠር አልድርም። በእናትሽ በኩል ኋላ እንሄዳለን። በአባትሽ የማን ልጅ ነሽ?»

ሌላ ስም መጥራት እችል ነበር። ያልታወቀ ስም ብጠራ ጨዋታችን ይቀጥላል፤ እውነቱን ብናገር እንደ ሁልጊዜው ሊደነግጡብኝ ነው፣ ይህችም ደስታ ልትበላሽ ነው። ግን ዘር ሲቆጠር አይዋሽም። ይህን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

«የምህረቴ» አልኩ።

«ምህረቴ ብዙ ነው። የማን ምህረቴ?»

«የተሰማ።»

የግራ እጃቸውን አውራ ጣት አጠፉ፤ ሌላውን አስከተሉ።

«ተሰማ የማን?»

«የገላው።»

«ገላው ዘለቀ!» አሉ ከአፌ ነጥቀው። ከዚህ በኋላ እኔን አልጠበቁም። «ገላው ዘለቀ፣ ዘለቀ እንግዳ፣ እንግዳ ሀብቴ፣ ሀብቴ ወልዱ…» ቁርሳቸውን ምን እንደበሉ የማያውቁት ሰው እንደ ዳዊት ደገሙት። ሰባቱ ስም ሲያልቅ ቀኝ እጃቸውን አነሱ።

«አሁን ደግሞ የልጄን። ደሳለኝ ምህረቴ። ምህረቴ ተሰማ። ተሰማ ገላው። ገላው ዘለቀ…»

ድምፃቸው ቀዘቀዘ። ሁለቱንም እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው አዩዋቸው። አንዴ ግራውን፣ አንዴ ቀኙን። ጣቶቻቸውን ዘርግተው እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። በሁለተኛውም ያው ሆነባቸው።

«ወይ ጉድ!» አሉ። ከልባቸው አዘኑ። «አይሆንም፣ የኔ ልጅ። ሰባት ቤት ቀርቶ አንድ ቤት አልራቃችሁም። እኅትና ወንድም ናችሁ።»

«እንግዲያስ ይቅር» አልኳቸው።

እሳቸው ግን አልጨረሱም። ዘር ቆጣሪ ሁለቱ እጆች ሲገናኙበት በማን እንደተገናኙ ሳይናገር አይነሣም፤ ልማዱ ነው። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

«በማን ነው የምትገናኙት? በምህረቴ። ምህረቴ ተሰማ። ምህረቴ ተሰማ ማለት…» ቆም አሉ። «ምህረቴ ተሰማ እኮ እኔ ነኝ።»

ዞረው አዩኝ። ግንባሬን አዩ፣ አፍንጫዬን አዩ፣ እጄን አዩ።

«እንግዲያ አንች የኔ ነሻ» አሉ።

«የርስዎ ነኝ፣ አባዬ።»

«የኔ ሆነሽ ነው እንደ እንግዳ ደጅ የተቀመጥሽ? ምነዋ ወደ ቤት አትገቢም?»

ያን ጊዜ አለቀስኩ። እንደ ልጅ ጮክ ብዬ ነው ያለቀስኩት፤ ሠርግ ባይሆን ኖሮ ጎረቤት ምን ሆኑ ብሎ ይመጣ ነበር። ልጄ ነሽ እስኪሉኝ ስንት ዘመን የጠበቅኩ መሰለኝ። ነግሬያቸው፣ ጮኼባቸው፣ ፎቶ አሳይቻቸው ያልሆነው፣ ራሳቸው ቆጥረው ደረሱብኝ።

አባቴ ግን ለቅሶዬን በሌላ ተረጎሙት። በጋቢያቸው ጫፍ ፊቴን እየጠረጉ፦

«አይዞሽ፣ አታልቅሽ» አሉኝ። «ባል አይጠፋም። ሌላ እንፈልግልሻለን።»

እንባዬ ሳይደርቅ በሳቅ ፈነዳሁ። እሳቸውም ስስቅ አይተው ሳቁ። ምን እንዳሳቃቸው እንጃ። ሁለታችን መደቡ ላይ ተደጋግፈን ሳቅን።

ብዙ አልቆየም። ፀሐይዋ ከመደቡ ሳትሸሽ ትክ ብለው አዩኝና «ከወዴት ነሽ?» አሉኝ።

«ከንፋስ መውጫ ነኝ፣ አባቴ።»

«ንፋስ መውጫማ ብርድ ነው!»

ደሳለኝና ጠጄ ሲመለሱ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ጠጄ ወገቧን ይዛ «እኔ የሰው ሠርግ ስበላ እዚህ በላዬ ላይ ሊዳርብኝ ኖሯል!» አለች። ደሳለኝ ጠላ ጠላ እየሸተተ «መጠጥ አያበዛም አሉ? እውነት እንዲያ አሉ?» እያለ ደጋግሞ ጠየቀኝ። ከዚያ ዞር ብሎ ዓይኑን ሲጠርግ አየሁት። ልነግረው የነበረውን አልነገርኩትም። ቅዳሜ እመጣለሁ ብዬ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ አካሄዴ ተለወጠ። ስሄድ እንደ እንግዳ እሄዳለሁ። ጉልበታቸውን ስሜ እቀመጣለሁ፣ ከወዴት ነሽ ሲሉኝ እመልሳለሁ። አላርማቸውም። ትናንት ምን በሉ፣ ዛሬ ቀኑ ምንድነው፣ እኔ ማን ነኝ ብዬ አልፈትናቸውም። ስለሚያውቁት እጠይቃቸዋለሁ፤ ስለ አያታቸው ስለ ገላው፣ በወጣትነታቸው ስላረሱባቸው በሬዎች። «ያ ጉራች በሬ እንዴት ነበር?» ስላቸው ግማሽ ቀን ያወሩኛል። ሙዙንም ለአለምነሽ ሲያስቀምጡ «ጎሽ፣ ትራባለች» እላለሁ። የሚጨንቃቸው ቀን ደግሞ ዝም ብዬ እጃቸውን ይዤ እቀመጣለሁ።

አንዳንድ ሰው አልወደደልኝም። አንዲት ጎረቤት «ከገዛ አባቷ ጋር እንግዳ ነኝ እያለች ትቀልዳለች» ብላ አወራችብኝ፤ መቀሷ ምን እንዳለቻት እዚህ አይጻፍም። ግን ነገሩ ከነከነኝና የአባቴን የነፍስ አባት ጠየቅኳቸው። ቄሱም «ልጄ፣ ለቅሶ ቤት የገባ ሰው ሐዘንተኛው በተቀመጠበት ነው የሚቀመጠው። ተነሥና እኔ ጋ ና አይለውም» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ማንም ቢያወራ አልሰማሁም።

ሁልጊዜ ግን አልደረሱብኝም። አንዳንድ ቅዳሜ ቆጠራውን ይጀምሩና ምህረቴን ዘለው ተሰማ ላይ ያቆማሉ፤ ያን ጊዜ ለደሳለኝ የአጎት ልጅ እሆናለሁ። አንዳንዴ ገላው ላይ ይቆማሉ፣ የሩቅ ዘመድ እሆናለሁ። «ዘመድ ነን፣ ብቻ ትንሽ ራቅ ይላል» ይሉኛል፣ እንዳይከፋኝ ብለው። አንድ ቀን ጭራሽ ሰባት ቤት አለፍኩና «እሰይ፣ ይሆናል!» ብለው ለደሳለኝ ሊድሩኝ ወሰኑ። ምህረቴ ላይ የደረሱት ከዚያ ጥር በኋላ ጥቂት ጊዜ ነው። በደረሱ ቁጥር እንደ መጀመሪያው ቀን አለቅሳለሁ፤ አይለመድም።

ባለፈው ዓመት አገሩ ሰላም አጥቶ መንገዱ ተዘጋና ወራት ሳልሄድ ቀረሁ። ስልኩም አይሠራም ነበር። በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ የሚነግረኝ ሰው አልነበረም። ትምህርት ቤቱም ሳይከፈት ስለቆየ ዩኒፎርም የሚያሰፋ የለም። ባዶ ሱቅ ውስጥ፣ ባዶ የስፌት መኪና ፊት ቁጭ ብዬ እውል ነበር። አንድ ቀን ሳላስበው ጣቶቼን እያጠፍኩ ስቆጥር ለራሴ ታወቀኝ። እኔ ግን ከላይ ወደ ታች ነበር የምቆጥረው፤ ወልዱ፣ ሀብቴ፣ እንግዳ፣ ዘለቀ፣ ገላው፣ ተሰማ፣ ምህረቴ፣ አለምነሽ። ከዚያ ጣት አጥፌ የምጠራው ስም አጣሁ። የደሳለኝ ልጆች አሉ፣ ዘሩ አይቆምም፤ በእኔ በኩል ግን ቁጥሩ እኔው ላይ ያበቃል። አንድ ቀን እንደሳቸው ማን ማን እንደሆነ ቢጠፋኝ፣ መደብ ላይ አጠገቤ ተቀምጣ «ከንፋስ መውጫ ነኝ» የምትለኝ የለችም። ይህን ሳስብ ፈራሁ። አሁንም እፈራለሁ።

መንገዱ ሲከፈት የመጀመሪያው መኪና ላይ ተሳፈርኩ። አባቴ ከስተዋል። ፀሐይ ሊሞቁ የሚወጡት ተደግፈው ነው። ጉልበታቸውን ስሜ ተቀመጥኩ። ከወዴት ነሽ አላሉኝም። ከንፋስ መውጫ ነኝ ብዬ እኔው ጀመርኩ። ብርዱንም አላነሡልኝ።

ቀኑን ሙሉ ያለ ወሬ ተቀመጥን። ከሰዓት በኋላ ግራ እጃቸውን አነሡና አውራ ጣታቸውን አጠፉ። ስሙ አልመጣላቸውም። ጣታቸውን መልሰው ዘረጉ። እንደገና አጠፉ። ፊታቸው ላይ ያን በሠርጉ ቀን የነገሩኝን ኀፍረት አየሁት።

ስለዚህ እኔ ቆጠርኩላቸው። እጃቸውን እጄ ላይ አድርጌ፣ ጣታቸውን አንድ በአንድ እያጠፍኩ፣ ቀስ ብዬ፤ ምህረቴ፣ ተሰማ፣ ገላው፣ ዘለቀ፣ እንግዳ፣ ሀብቴ፣ ወልዱ። በእያንዳንዱ ስም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ስጨርስ ትንፋሻቸው ረጋ።

«እነዚህ ሁሉ የኔ ሰዎች ናቸው» አሉ። «አንች ከየት አወቅሻቸው?»

«አባቴ አስተማሩኝ።»

«አባትሽ?»

«አዎ። ልጅ ሳለሁ፣ ማታ ማታ እያስቆጠሩ።»

እጃቸው እጄ ውስጥ እንዳለ ነው።

«አባትሽ ደኅና ሰው ነው» አሉ። «ሰው የሚያውቅ ሰው ነው።»

«አዎ፣ ደኅና ሰው ናቸው።»

«ስትመለሽ ሰላም በይልኝ።»

«እሺ» አልኳቸው።

ይህ ከሆነ ወር አልሞላውም። አሁን ስሄድም ስመለስም አልቆጣም። ልጄ ነሽ ያሉኝን ቀን ይዣለሁ፤ ደግመው ባይሉኝም ያ ቀን ተመልሶ አይወሰድብኝም። ግን ብቻዬን ነኝ፤ ይህን መሸሸግ አልችልም። አጠገባቸው ተቀምጬ የምናፍቃቸው ሰው ሆነዋል።

ሰላምታው ከነከነኝ። ሰላም በይልኝ የተባለ ሰው ሰላምታውን ካላደረሰ ነውር ነው፤ አደራ ነው። ብዙ አሰብኩበት። ቅዳሜ ስሄድ ጉልበታቸውን ስሜ እቀመጥና «አባቴ፣ አንድ ደኅና ሰው ሰላም ብለውዎታል» እላቸዋለሁ። ማነው ካሉኝ፣ ምህረቴ ተሰማ እላቸዋለሁ።